የተገኘው ልጅ በቤቱ እንዲጸና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በ12 ዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ በቤተ መቅደስ እንደ ቀረ ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። እመቤታችንና አረጋዊ ዮሴፍ ከመንገደኛው ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን ጎዳና ከሄዱ በኋላ በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈለጉት፤ ባጡትም ጊዜ ተመልሰው በሦስተኛው ቀን አገኙት። እርሱስ በአባቱ ቤት ነበረ እንጂ እንደ ሌላው ልጅ የጠፋ አልነበረም። ነገር ግን ወንጌላዊው ታሪኩን በመገኘቱ አይፈጽመውም፤ አብሯቸው ወደ ናዝሬት እንደ ወረደ፥ በዚያም እየታዘዛቸው እንደ ኖረና እንዳደገ ጨምሮ ይጽፋል። ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ስለ ፍጻሜው ነገር ነው። ልጅን ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ በቤቱ ጸንቶ እንዲያድግ ማድረግ ግን ሌላ፥ ድካሙም የሚበልጥ ሥራ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ፥ በአውቶቡስ መናኸሪያና በገበያ ዳር የሚያድሩ ሕፃናት መኖራቸውን ለማንም መንገር አያሻም። አንዱ የሊስትሮ ሣጥን ታቅፎ፥ አንዱ ማስቲካና ሶፍት እያዞረ፥ አንዱም ረኃቡንና ብርዱን ለመርሳት ማስቲሽ እየሳበ ይውላል። ሁሉም ወላጅ የሌላቸው ይመስለናል፤ ቀርበን ስንጠይቃቸው ግን እናት ወይም አባት፥ ያም ባይሆን አያት ወይም አጎት ያላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ከቤት ያወጣቸውም ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። የእርሻው መሬት ጠብቦ ወይም ዝናም ታጥቶ እህል ያነሰበት ቤት አለ፤ ወላጆች በሞት ወይም በፍቺ ተለይተው ዱላና ስድብ የበዛበት ቤት አለ፤ ደላላ ወይም ዘመድ «አስተምረዋለሁ» ብሎ ወስዶ በሸማ ሥራ ወይም በቤት አገልጋይነት ያስቀረውም አለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነትም ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ምናልባት «የቆሎ ተማሪስ ከአገሩ ወጥቶ በየደጁ ይለምን የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የቆሎ ተማሪ መምህር አለው፤ ጉባኤ አለው፤ የሚያድርበት ጎጆ አለው፤ ቢታመም የሚጠይቀው ባልንጀራ አለው። የጎዳናው ልጅ ግን ቢመሽም የት አደርህ የሚለው የለም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ከቅዳሴ ስንወጣ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተነው እናልፋለን። ምጽዋት ዋጋ እንዳለው ከቶ አንክድም። ነገር ግን በጎዳና ላይ ብቻ የሚሰጥ ምጽዋት ልጁን ለዛሬ ያጠግበዋል፤ ለነገም በዚያው ያቆየዋል፤ እናቱ እያለቀሰች እስከምትኖርበት ጎጆ ግን አይደርስም።

ምጽዋታችን ወዴት መድረስ እንዳለበት ከኦሪት እንማር። በኦሪት ዘፀአት 2ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ ዳር ባገኘችው ጊዜ ከሩቅ ሆና ትጠብቅ የነበረች እኅቱ ቀርባ የገዛ እናቱን ጠራችለት። ልዕልቲቱም ሕፃኑን ለእናቱ ሰጠች፤ የማሳደጊያዋንም ደመወዝ ቈረጠችላት። እንግዲህ በዚያ ቀን ወደ ድኻይቱ ቤት የገባው ልጁ ብቻ አይደለም፤ የሚያድግበትም ሲሳይ አብሮት ገባ። ዛሬ ልጅን በር ላይ አድርሰን ባዶ እጃችንን ብንመለስ ያው ረኃብ እንደገና ያወጣዋል። ለእናቲቱ መነገጃ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ወይም የምታረባት በግ፥ ለልጁ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ቢሰጥ ግን ምጽዋቱ በቤት ውስጥ ሥር ይሰዳል።

ከሲሳይም በፊት ዕርቅ ያስፈልጋል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲሰድደው እንዲሁ አልሰደደውም፤ መልእክት ጻፈለት፤ ዕዳ ቢኖርበትም እርሱ ሊከፍል ዋስ ሆነለት። ከጎዳና የሚመለስ ልጅም ባዶ እጁን መግባት ያፍራል፤ ወላጅም ይቆጣል፥ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎም ይፈራል። ስለዚህ አስቀድሞ ልጁን ለብቻው በትዕግሥት መስማት፥ ከዚያም ወደ ቤቱ ሽማግሌ መላክ ይገባል። ሳይጠየቅ በመኪና ተጭኖ የተመለሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ በዚያው ጎዳና ይገኛል። ደግሞም ሕፃኑን ከሚያቈስለው ወይም ነውር ከሚፈጽምበት ሰው እጅ መልሶ መጣል ዕርቅ አይባልም፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ አያት ወይም አክስት ይፈለግ፤ እነርሱም ከታጡ አደራ የሚቀበል፥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ቤተ ሰብ ይፈለግ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው? ካህናት ሆይ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከእኛ ነው። የንስሐ አባት የማይገባበት ቤት የለም፤ የትኛው ቤት እንደሚጣላ፥ የትኛው እንደሚራብ ያውቃል። የከተማው ደብር ካህን በደጁ ያደረውን ልጅ አገሩንና አጥቢያውን ጠይቆ ለዚያው አጥቢያ ካህን ቢጽፍ፥ ወይም ስልክ ቢደውል፥ የልጁን ቤት ለማግኘት ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። በ40 ወይም በ80 ቀን በጥምቀት ጊዜ ልጁን የተቀበለ የክርስትና አባትም አደራው ለዕለቱ ብቻ እንዳልሆነ ያስብ። ምእመናን ሆይ፥ ዕድራችን ሙት ለመቅበር እንደሚሰበሰብ፥ ሰንበቴያችንም ጠበል ጠዲቅ ለመቅመስ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፥ ሕያው ልጅ ከቤቱ እንዳይወጣ ቢመክር ምን ይጎድልበታል? ልጁ በተመለሰ በሳምንቱ፥ በወሩ፥ በዓል ሲሆንም በየጊዜው «እንደ ምን ሰነበታችሁ» ብሎ ደጁን የሚመታ ሰው ይመደብለት። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና የሚበዛበት ነውና።

የጠፋውን ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ደስታውም የተገባ ነው። ነገር ግን የግብዣው ዕለት አልፎ ማለዳ በሆነ ጊዜ ያ ልጅ ቁርስ የሚበላበትን፥ ትምህርት ቤት የሚሄድበትን፥ ቢያጠፋም ሳይባረር የሚመከርበትን ቤት ካላዘጋጀን ደስታችን የአንድ ቀን ይሆናል። በናዝሬት ቤት በመታዘዝ ያደገ አምላካችን በየደጁ የወደቁትን ሕፃናት ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ በቤታቸውም ያጽናልን፤ እኛንም ለዚህ የተጋን ያድርገን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።