ተራኪ የሌላት ሚስት

«እንደ ሰብለ ወንጌል ያለች ሴት ዛሬ ከየት ትገኛለች?» እያሉ የሚያማርሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተው አዲስ አበባ ላይ በንግድ ከሚተዳደሩ ወንድሞች ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አያስገርምም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ ጎጃም ነው፤ ጎጃም ደግሞ ለእስቴና ለስማዳ የዓባይ ማዶ ጎረቤት ናት። መጽሐፉን ያላነበበውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል። ትዳር በወላጆችና በሽማግሌዎች ስምምነት ሲታሰር በኖረበት አገር፣ ብዙው ወጣት ስለ ፍቅር ማውራትን የሰማው ከአባቱ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ድርሰት ነው።

ልብ ወለድ ማንበብ ነውር ነው አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሰብለ ወንጌልን የሚስታችን መለኪያ ማድረጋችን ፍትሐዊ ነውን?

የእስቴ ተወላጅ የሆነ አንድ ወዳጄ ሚስቱን ባገባት በስምንተኛው ወር ፈታት። ምክንያቱን ስጠይቀው «ልቧን ላውቀው አልቻልኩም» አለኝ። «ጠይቀሃት ታውቃለህ?» ስለው ዝም አለ። ለመሆኑ ያቺ ልጅ ጓዟን ይዛ ወደ ወላጆቿ የተመለሰችው ምን በድላ ነው?

የሰብለን ልብ ያወቅነው ደራሲው ገልጦ ስላሳየን ነው። ስታዝን ለምን እንዳዘነች፣ ዝም ስትል ምን እንዳሰበች እሱ ይነግረናል፤ እኛ ምንም አልደከምንም። የቤታችን ሴት ግን ተራኪ የላትም። መጠየቅ፣ መስማትና መታገሥ የእኛ ፈንታ ነው። በዚያ ላይ ሰብለና በዛብህ ጎጆ ቀልሰው አልኖሩም። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ሕመም፣ የአማት ነገር አልፈተናቸውም። ፍቅራቸው እስከ መቃብር የዘለቀው በትዳር ኑሮ ሳያልፍ ነው።

«ይህ እኛን ዲን ያለንን አይመለከትም» የሚል ወንድም ካለ አይቸኩል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በቱርክ ቴሌቪዥን የቀረበውን የኤርቱግሩል ድራማ አይቶ፣ ሐሊሜን የምትመስል ሚስት የሚመኘው ስንቱ ነው? ስለ እውነተኛዋ የኤርቱግሩል ባለቤት ታሪክ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። የምናደንቃት ሐሊሜ የድራማ ጸሐፊዎች የፈጠሯት ናት።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡19) ባሎችን ሲመክር፣ በጠላነው ነገር ውስጥ አሏህ ብዙ መልካም ሊያኖር እንደሚችል ያስታውሰናል። ይህ ምክር የተነገረው ጉድለት ካለባት ሴት ጋር ለሚኖር፣ እሱም ራሱ ጉድለት ላለበት ወንድ ነው። እንከን የለሽ ሴት ያገባ ሰውማ ምክሩ ምን ያደርግለታል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ መጽሐፉንም አንብብ፤ ድራማውንም ተመልከት። ሚስትህን ግን በእነሱ አትመዝናት። ስታኮርፍ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ ጠይቃት። መልሱን ጽፎ የሚያቀርብልህ ደራሲ የለም።

ወሏሁ አዕለም።