መለከት የሚነፉ ሴቶች

እግዚአብሔር አምላክ አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ የሕይወትን እስትንፋስ እፍ እንዳለበት፣ ሔዋንም ከዚያው ከአዳም ጎን ተገኝታ የዚያው እስትንፋስ ተካፋይ እንደሆነች መጽሐፍ ያስተምረናልና፣ አንዲት ሴት ትሮምቦን ወይም ኮርኔት የተባለ የነሐስ መለከት ይዛ በሙዚቀኞች መካከል ስትቀመጥ ይህ ለሴት አይገባም የሚለው ፍርድ ከየት እንደመነጨ መመርመር ተገቢ ነው።

ከመጽሐፍ የመጣ ነው የሚል ቢኖር፣ የሚጠቅሰው ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10ን ይሆናል፤ በዚያ ሙሴ ከብር ሁለት መለከት እንዲያሠራ ታዝዞ፣ የሚነፏቸውም ካህናቱ የአሮን ልጆች እንዲሆኑ ተወስኗልና። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ሴትን ብቻ ሳይሆን የይሁዳን፣ የብንያምንና የኤፍሬምን ወንዶች፣ ከሌዊም ነገድ ቢሆን ከአሮን ቤት ያልተወለደውን ሁሉ ከመለከቱ አርቋል፤ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ቀን ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሲቆፍር ውሎ ማታ ከነሐስ ባንድ ጋር ኮርኔት ይነፋ የነበረው ሠራተኛም ከአሮን ዘር አይቆጠርም። እርሱን ያልከለከለ ሰው እኅቱን በምን ሕግ ይከለክላል?

ከመጽሐፍ ያልተገኘው ክልከላ ከተፈጥሮ ሲፈለግለት፣ የሴት ትንፋሽ ለነሐስ መሣሪያ አይበቃም ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አንደኛ ትሮምቦን ነፊ በፈለገ ጊዜ፣ 33 ተወዳዳሪዎችን ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀምጦ አዳመጠ፤ 16ኛው ነፍቶ ሲጨርስ የፈለጉትን እንዳገኙ ዳኞቹ ተስማሙ፤ የተመረጠው ሰው ወደ ፊት ሲቀርብ ግን፣ ለወንድ በሚሰጥ መጠሪያ ጥሪ የተላከላት አሜሪካዊቷ አቢ ኮናንት ሆና ተገኘች። ውሎ አድሮ መሪው ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ለዚህ ቦታ ወንድ ያስፈልገናል በማለት ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን አወረዳት። እርስዋም ጉልበት የላትም መባሏን ለማስተባበል ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሳንባዋን አስመረመረች፣ ከጉድለትም ነጻ ሆና ተገኘች፤ ይሁን እንጂ ማዕረጓንና ከወንዶቹ ጋር የሚስተካከል ደመወዟን በፍርድ ለማስመለስ እስከ 1993 ድረስ መከራከር ግድ ሆነባት። መጋረጃው ተዘርግቶ ሳለም ሆነ ከተገለጠ በኋላ ያው እስትንፋስ በዚያው ነሐስ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ የተለወጠው የዳኞቹ ዓይን ያየው ነገር ብቻ ነው። ይህም ሁሉ የሆነው ሜይዚ ሪንገም የተባለች እንግሊዛዊት በማንቸስተር የሃሌ ኦርኬስትራ አንደኛ ትሮምቦን ሆና በጆን ባርቢሮሊ ሥር ካገለገለች ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ማስረጃ ጠፍቶ አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ መጽሐፍም ተፈጥሮም ካልከለከሉ፣ የክልከላው ሥር ሥልጣን ይመስለኛል። በዚያው በዘኍልቍ መለከት የተሠራው ማኅበሩን ለመጥራት፣ ሰፈሩን ለማንቀሳቀስና ለጦርነት ለማንቃት ነው፤ በአገራችንም መለከትና እምቢልታ፣ ነጋሪትም፣ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ፊት የክብርና የትእዛዝ ምልክት ሆነው ኖረዋል። ስለዚህ መለከት የሚነፋ ሰው ተነሡ፣ ተሰለፉ የሚል ይመስላል፤ ይህን ቃል ከሴት አፍ መስማት የሚከብደው ጆሮ፣ የራሱን ክብደት የእርስዋ ሳንባ ድካም አድርጎ ይተረጉመዋል። በእስራኤል ላይ ትፈርድ የነበረችው ዲቦራ ባርቅን ወደ ታቦር ተራራ እንዲዘምት ስታዝዘው፣ ካልተከተልሽኝ አልሄድም እንዳላት ግን መዘንጋት አይገባም። በመጨረሻው ቀን መለከት የሚነፉት መላእክትም ወንድና ሴት ተብለው የሚከፈሉ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ነገሩን ከሌላው ቀድሞ ሊያስተውለው ይችል የነበረው ወገን ያደረገው ነው። ሜይዚ ሪንገም የወጣችበት ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን ማኅበር በ1878 በሶልዝበሪ ከተማ የመጀመሪያውን ባንድ ያገኘው፣ ቻርልስ ፍራይ ከሦስት ልጆቹ ጋር በጎዳና የሚሰብኩትን ከረባሾች ሊጠብቅ ወጥቶ በነሐስ መሣሪያቸው መዝሙር ማሰማት በጀመሩ ጊዜ ነው። የመሥራቹ ሚስት ካትሪን ቡዝ ማኅበሩ ገና ሳይመሠረት፣ በ1859፣ ሴት ወንጌልን መስበክ ይገባታል ስትል ጽፋ ተከራክራለች፤ በማኅበሩም ውስጥ ሴቶች መኮንኖች ሆነው በአደባባይ ሰብከዋል፣ በየአጥቢያው ባንድም ነፍተዋል። በ1891 በሎንዶን የተቋቋመው ዋናው ባንዱ ግን ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ሆኖ ኖረ። የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ አንደበቷ ለሕዝብ ልታሰማ የተፈቀደላት ሴት፣ ቃል የሌለውን ዜማ በዋናው ባንድ በነሐስ እንዳታሰማ የተከለከለችበትን ምክንያት ከካትሪን ቡዝ ትምህርት ጋር የሚያስታርቅ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።