ቀይ እስክሪብቶ

የእህቴ ልጅ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ እየጻፈ ነው፤ ያውም በነጻ። ባለፈው እሑድ መጣና፣ «ጋሼ፣ ሰዉ እኮ እንዳሻው ነው የሚጽፈው። አንዱ ‹ፀሐይ› ይላል፣ ሌላው ‹ጸሀይ›። ሞክሼ ፊደላቱን በአንድ ሌሊት ወደ አንድ የሚያመጣ ቦት ብሠራስ?» አለኝ። ቦት የሚሉት ገጽ ለገጽ እየዞረ በራሱ የሚያርም ፕሮግራም ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ። ስንት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ የታገልኩትን ማሽን ሊገላግለኝ! ወዲያው ግን አንዲት ተማሪዬ ትዝ አለችኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው። ልጅቱ አጭር ልቦለድ ጽፋ አመጣች፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለምትለምን እናት። አንዳንድ ቦታ «ድኅነት»፣ አንዳንድ ቦታ «ድህነት» ብላለች። እኔ ሆዬ ግድየለሽነት መስሎኝ ሁሉንም በ«ህ» አረምኩና፣ ዳር ላይ «ወጥነት ይጎድላል» ብዬ ነጥብ ቀነስኩ። ወረቀቱን ስመልስላት ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ አንደኛው እኮ መዳን ነው» አለችኝ። ሴትየዋ የምትለምነው ድኅነትን ነበር፤ እኔ ድህነት አስለመንኳት። ነጥቡን መለስኩላት። ልቦለድ ግን ዳግመኛ አላሳየችኝም።

ማሽን ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ክሉቦት ኤንጂ የሚባለው ቦት ስድብና ዝባዝንኬ እየሰረዘ ሰዉን ከብዙ ጣጣ አሳርፏል። እዚያው ቤት ግን የፊደል ግድፈትን ያለ ሰው ዓይን የሚያርም ቦት አይፈቀድም። ጥቅስ አለ፣ የሰው ስም አለ፣ ሆን ተብሎ የተጣመመ ቃል አለ፤ ማሽኑ ይሄን አይለይማ። የአሜሪካና የብሪታንያ አጻጻፍን በተመለከተም፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ገጹ በተጀመረበት ይቀጥላል። ወጥነት ከሁሉ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ እኮ አንዱን መርጦ መገላገል ነበር።

«ትክክል ከሆንኩ ለምን አስፈቅዳለሁ?» አለኝ ልጁ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። «ጸሀይ» ብሎ ፈልጎ «ፀሐይ»ን ያጣ አንባቢም መብት አለው። ይሁንና ያለ ደሞዝ ለሚጽፍ ሰው የራሱ አጻጻፍ ትንሽ ነገር አይደለችም። ሰው ሲያርመኝ ተከራክሬ ወይ እረታለሁ ወይ እረታዋለሁ፤ በአንድ ሌሊት አሥር ሺህ ገጽ የሚለውጠውን ከማን ጋር ልሟገተው? ስለዚህ ፍለጋው ሁሉንም አጻጻፍ እንዲያገኝ አድርግ፣ ጽሑፉን አትንካ፤ አጠራጣሪ ቃላትን ቦቱ ይልቀምና ሰው ይያቸው አልኩት። «ዓመት ይፈጃል!» ብሎ እያጉረመረመ ሄደ።

በማግሥቱ ሁለት መቶ ቃል አትሞ ይዞልኝ መጣ። በብዙው ተግባባን። «ሰረቀ» የሌባው፣ «ሠረቀ» የፀሐይዋ ነው ብለው፣ «ዛሬ ማን ነው ፀሐይ ሠረቀች የሚለው?» ብሎኝ እስካሁን እየተከራከርን ነው።