ሆዳም የምንለው ማንን ነው?

ስናዝን «ሆዴ ባባ» እንላለን። ስንራራ «አንጀቴን በላው»፤ ምስጢር ስንደብቅ «በሆዴ ያዝኩት»፤ የተመኘነው ሲደርስልን «አንጀቴ ራሰ»። ይኸው ሆድ እንጀራ የጠየቀ ዕለት ግን ክብሩ ይገፈፍና «ሆዳም»፣ «ሆድ አደር» ብለን እንሰድበዋለን። ታዲያ የሚያዝነው ሆድና የሚራበው ሆድ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ጥያቄው የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ በሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ ይከተለዋል።

ሳይንስ ወደ አንድነቱ ያደላል። በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ቬገስ የተባለው ነርቭ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ አንጀት ይወርዳል፤ አብዛኞቹ ክሮቹ ግን መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታችም መንገድ አለ። ዊልያም ቦሞንት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በጥይት ቆስሎ ጨጓራው ክፍት የቀረን ሰው ከ1825 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረምር፣ ሰውዬው በተቆጣ ጊዜ የምግቡ መፈጨት እንደሚታወክ በዓይኑ አይቷል። እንግዲህ ሆድና አእምሮ ጌታና ሎሌ ሳይሆኑ ጎረቤታሞች ናቸው።

እስቲ ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች፤ ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ሁሉ ሊያስመሰክር የሚሄድባት። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ተማሪ ቁራሹን ይዞ ይመለስና የዓመቱን በዓላት የሚያዳርሰውን ያን ሰፊ ዜማ ያጠናል። ይህን አይተው «ጥጋብ ያደነዝዛል፤ ረሃብ ያነቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነውን?

በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶባቸው ተጠኑ። በፈተና ሲለኩ የማሰብ ችሎታቸው እምብዛም አልወረደም። ነገር ግን ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ የሚያነቡም ነበሩ። ሳቃቸው ጠፋ፣ ከጓደኞቻቸው ራቁ፣ ይበሳጩ ጀመር። ረሃብ ዕውቀታቸውን ትቶ ዕውቀትን የሚወዱበትን ልብ ወሰደባቸው።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ጾምስ?» ይለን ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ጾመኛ ጦሙን የሚውለው ወዶ ነው፤ የሚፈስክበትን ሰዓትም ያውቃል። ረሃብተኛ ግን አልመረጠም፤ መቼ እንደሚያበቃም አያውቅም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነውን ማንም ጾም አላለውም። ይሁን እንጂ የሚኒሶታዎቹም ወደው ገብተው፣ ማብቂያውንም እያወቁ ነው የተሰበሩት። ስለዚህ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ታዲያ የቤተ ልሔሙን ተማሪ ምን አቆመው? ፍቅሩና እምነቱ አቁመውታል፤ አንክድም። ነገር ግን ስሟን የማናውቃት ባላገር ከልጆቿ መሶብ ቆርሳ የሰጠችው ቁራሽም አለበት። ሊቁን ስናመሰግን መምህሩን እንጠራለን፤ እሷን አንጠራም። በድጓው ላይ ግን ድርሻ አላት።

እኛም ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ልጁ ተርቦበት አንገቱን የደፋውንና፣ ሞልቶት ተርፎት ሳለ ኅሊናውን የሸጠውን አንድ ስም አንስጣቸው። ለመጀመሪያው ሳይንሱም ይመሰክርለታል፤ ለሁለተኛው ግን በአንጀት ማመካኘት አይሆንለትም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባል የለ! ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን ጓደኛችንን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት፣ ቁርስ ቀምሶ እንደሆነ ቀስ ብለን እንጠይቀው። «አልራበኝም» ቢለንም ቶሎ አንመን፤ ስንት ነገር በሆዱ እንደያዘ ማን ያውቃል?