«ምን ልሁን?» ከማለት በፊት

ሕፃናትን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በየቤቱ የተለመደ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይዘልም፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አውሮፕላን አብራሪ። ጠያቂውም «ጎሽ!» ብሎ ያልፋል። «ሐኪም ሆነህስ ምን ልታደርግ አስበሃል?» ብሎ የሚቀጥል ግን ጥቂት ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ይህን ሳይጠየቅ የሚቀረውን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ሕፃኑ አድጎ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ በእጁ ሲገባ፣ ወይም ፓስፖርት ለማውጣት ሲሰለፍ፣ ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ተከትሎት ይመጣልና።

ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ግብ እንዳለው ያስረዳል፤ የሕክምና ግቡ ጤና ነው፣ የመርከብ ሥራ ግቡ መርከብ ነው። ይሁን እንጂ ሰው አንዱን ነገር ስለ ሌላው ብሎ ሲፈልግ መኖሩ ማብቂያ ከሌለው ፍላጎቱ ሁሉ ባዶ ስለሚሆን፣ ሌላውን ሁሉ ስለ እርሱ ብለን የምንሻው አንድ የመጨረሻ ግብ ሊኖር ይገባል ይላል። እንግዲህ ሙያ ግብ ነው ስንል ልንጠነቀቅ ይገባናል። ሙያ መንገድ ነው፤ ያማረና የተከበረ መንገድ ቢሆንም እንኳ ወዴት እንደሚያደርስ ይጠየቃል።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን ጉዳይ እንደ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን በመድፍ ተመትቶ በአልጋ ላይ ሳለ የጀግኖችን ተረት ለማንበብ ቢጠይቅ በቤቱ የተገኙት የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ነበሩ። በዚያ የሕመም ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ሹመት፣ ስለ ዝናና ስለ አንዲት ትልቅ እመቤት ሲያስብ ለጊዜው ይደሰታል፤ ሐሳቡ ሲያልፍ ግን ልቡ ደርቆ ይቀራል። እንደ ቅዱሳኑ ለመኖር ሲያስብ ደግሞ ሐሳቡ ካለፈ በኋላም ደስታው አብሮት ይቆያል። ለሕይወት ዕቅድ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላጋጠመንም። አንድ ወጣት የምረቃ ካባ ለብሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እልል ሲባልለት ራሱን በሐሳቡ ይመልከት፤ ከዚያም እልልታው ካለቀ በኋላ ባለው ተራ ማክሰኞ ጧት፣ ሥራው ላይ ቆሞ ይመልከት። በልቡ የሚቀረው ምንድን ነው?

ቅዱሱ «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው መጽሐፉም ብዙ ሰዎች አስቀድመው ጋብቻን ወይም ሹመትን መርጠው ካበቁ በኋላ በዚያ ውስጥ እግዚአብሔርን ለማገልገል እንደሚያስቡ፣ በዚህም መድረሻውን መንገድ፣ መንገዱን መድረሻ እንደሚያደርጉ ያሳስባል። ይህን የጻፈው ዕቅዱ የፈረሰበት ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1523 ኢየሩሳሌም ደርሶ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሊኖር ቆርጦ ነበር፤ የቅዱሳት መካናት ጠባቂዎች የነበሩት ፍራንቸስካውያን ግን እንዲመለስ አዘዙት። ሲመለስ «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብሎ አሰበ፤ ነፍሳትን ለመርዳት ትምህርት እንደሚያስፈልገውም ተረዳ። ከዚያም በ33 ዓመቱ ገደማ በባርሴሎና ከልጆች ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው ተማረ። ኢየሩሳሌም ቀረች፤ ነፍሳትን የመርዳት ዓላማው ግን አልቀረም። ዓላማው ኢየሩሳሌም መኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሕይወቱ ባከተመ ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል፤ ያንን ለባለ ሙያዎቹ እንተወው። እኛን የሚያሳስበን ከመቶ ዘጠና ስድስቱ፣ ውጤት በተነገረበት ዕለት ከቤተ ሰብ ፊት የቆሙት ናቸው። «ሐኪም እሆናለሁ» ብቻ ያለ ልጅ በአንድ ቀን ሁሉን ያጣ ይመስለዋል። «የታመመ ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም» ብሎ ራሱን ያወቀ ልጅ ግን ያዝናል፣ ያለቅሳልም፤ ሆኖም የሚሄድበት ሌላ በር ይፈልጋል።

«ስለ ዓላማ ማሰብ ለጠገበ ሰው ነው፤ የእኛ ዓላማ እንጀራ ነው» የሚሉን ወላጆች አሉ። ይህን ቃል በቀላሉ የሚያጣጥል ካህን የምእመናኑን ጓዳ አያውቅም። ታናናሾችን ማስተማርና እናትን መጦር እውነተኛ ዓላማ ነው፤ ከብዙ ማዕረግም ይበልጣል። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እኅታችን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈርመው የሁለት ዓመት ውል ነው። ቤተ ሰቡ የጣራውን ቆርቆሮ፣ የወንድሟን የትምህርት ክፍያ አስቀድሞ ያሰላል፤ ከሁለቱ ዓመታት በኋላ የእርሷ ሕይወት ወዴት እንደሚያመራ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። ውሉ ይታደሳል፣ እንደገናም ይታደሳል። መሥዋዕትነት ክቡር የሚሆነው ሰጪው ዐውቆና ወድዶ ሲሰጥ ነው፤ ሳትጠየቅ የተሰጠባት ከሆነ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ሲያስተምር፣ የሚያሰላው ራሱ ባለ ግንቡ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጊዜ አለፈብን ለሚሉ ጎልማሶችም አንድ የአገራችንን ሰው እናስታውስ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተው፣ በመርጡለ ማርያም መንኩሰው ነበር። ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን የመረመሩት እውነትን ፍለጋ እንጂ ሹመትን ሽተው አልነበረም። ይኸው ፍለጋ እስከ ግብፅና እስከ ሮም አደረሳቸው። ክህነትን የተቀበሉት በ1851፣ በስልሳ ዓመታቸው ገደማ ነው፤ በ1855ም ስለ እምነታቸው ታስረው ሳሉ ዐረፉ። በዘመናችን የሥራ መመዘኛ ቢታዩ ዕድሜያቸውን በመንከራተት የፈጁ ሰው በተባሉ ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምርጫ ቅጽ ከሚሞላበት ወቅት አስቀድመው ወጣቶቹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰበስቧቸው መልካም ነው። ሁለት ወረቀት ይሰጧቸው። በአንደኛው ላይ የሙያ ስም ሳይጠሩ ማንን ለመጥቀም፣ ምንን ለማነጽ፣ ከማን ጋር ለመኖር እንደሚሹ ይጻፉ። በሁለተኛው ላይ ወደዚያ የሚያደርሱ ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ያስፍሩ፤ ቢያንስ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የማይጠይቅ ይሁን። ሁለተኛውን ወረቀት ከወላጆች ጋር መወያየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ለማሳየት ግን ወጣቱን እናስፈቅድ።