በባሕር ላይ የሚተኛ ሰው

ወረኢሉ ላይ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ መጨነቅ ለአንዳንዱ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። በዚያ አገር ትልቁ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱም ከገደል ሥር። ሆኖም ባሕር አይቶ የማያውቀው ደገኛ ከባሕር ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። ክርስቲያኑ በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ዮናስን ያስባል፤ ሙስሊም ጎረቤቱ ያንኑ ነቢይ ዩኑስ ብሎ ያከብራል። በሱረቱ ዩኑስም ማዕበል ሲከባቸው አላህን ብቻ የሚለምኑ፣ ከዳኑ በኋላ ግን ወደ ዐመፃቸው የሚመለሱ መንገደኞች ይወቀሳሉ። ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ወቀሳ ነው፤ በማዕበል መካከል የጮኸ ሁሉ አማኝ ነውን? በጭንቅ ቀን ስለት የማይሳል ማን አለ! እኔ እንደሚመስለኝ ስለ እምነት ከጩኸት ይልቅ እንቅልፍ ይመሰክራል።

ከካናሪ ደሴቶች ተነሥታ አትላንቲክን የምታቋርጥ ባለሸራ ጀልባ ካሪቢያን ለመድረስ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ትጓዛለች። ነፋሱ ከቀናት ሦስት ሳምንት ግድም ይፈጅባታል። ከዚህ አብዛኛው ቀን ማዕበል የለበትም፤ ያለው ተራ ጥበቃ ነው። አንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይነቃል፣ ሌላው ይተኛል። ተረኛው በጨለማ ራሱን በገመድ ከጀልባዋ ጋር አስሮ በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው አድማሱን ዙሪያውን ይቃኛል፤ አሁን ብልጭ ያለች የመርከብ መብራት ከሩብ ሰዓት በኋላ አጠገቡ ልትደርስ ትችላለችና። ከሥር የተጋደመው ሰው መብራቷንም ተረኛውንም አያይም፤ ግን ይተኛል። አማርኛ «ማመን» የሚለውን አንድ ቃል ለፈጣሪም ለባልንጀራም ማዋሉ በከንቱ አይመስለኝም። በዚያው በደገኛው አገር አጠገብ፣ በቦረና ቆላ፣ ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ የሚያድሩ ሁለት ወንድማማቾችም ይህን ያውቁታል፤ አንዱ ወንጭፉን ይዞ ከርከሮ ሲጠብቅ ሌላው ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል።

«ይህማ ድካም እንጂ እምነት አይደለም» የሚል ይኖራል። ተረኛው እንቅልፋም መሆኑ ከታወቀ ግን የደከመውም ዐይኑን አይከድንም። ብቻውን ባሕር የሚያቋርጠውስ? መርከበኛው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1969 ያለማቋረጥ ብቻውን ዓለምን ዞሮ ሲገባ 312 ቀን ፈጅቶበታል። ያለጠባቂ መተኛቱ ሐሳቤን ያናጋዋል፣ አልክድም። ቢሆንም ቀን በእጁ በጠገነው ሸራና ቀፎ ላይ ነበር የሚተኛው፤ የሌሊቱ ጠባቂ የቀን ሥራው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዮናስ ነው። ያ ሁሉ ማዕበል ሲናወጥ እሱ ከመርከቡ ሆድ ገብቶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቷል፤ ሰውየው ደግሞ ከአምላኩ የሸሸ ነው። ክርስቶስም በወንጌል በማዕበል መካከል በጀልባ ተኝቷል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ እንቅልፎች አንድ ናቸው፤ ስለዚህ እንቅልፍ ብቻውን ምስክር እንደማይሆን እቀበላለሁ። መለያው መንቃቱ ላይ ነው። ክርስቶስ ሲቀሰቅሱት ተነሥቶ ነፋሱን ገሠጸ። ዮናስ ግን የተላከበትን ሥራ ጥሎ፣ የሌሎችን ንቃት እየበላ ነበር የተኛው። የመርከቡ አለቃ ወርዶ ሲቀሰቅሰው መርከበኞቹ ዕቃቸውን ወደ ባሕር ጥለው፣ እያንዳንዳቸውም ወደየአምላካቸው ጮኸው ነበር። የቀረው ተረኛ እሱ ነበር።