አሸናፊው የወሰደው የማንን ገንዘብ ነው?

ፖከርን በኢንተርኔት የለመዱ ወጣቶች «ችሎታ እንጂ ዕድል አይደለም» እያሉ ወደ ካዚኖ ጠረጴዛ ሲያመሩ እሰማለሁ። ምሳሌያቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድርን ያሸነፈው አማተር ክሪስ መኒሜከር ነው።

እርሱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እኔ የምጠይቀው፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? መግቢያው 10,000 ዶላር ከሆነበት ከ839ኙ ተወዳዳሪዎች ነው! በዘወትሩ ጨዋታ ደግሞ ካዚኖው የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ችሎታ ቢኖርም አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው። ስክሪኑ የደበቀውን የተሸናፊ ፊት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ያሳያል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር ሲከለክል፣ ሸይጣን በርሱ ጠላትነትን እንደሚዘራና ከሰላት እንደሚያዘናጋ አስጠንቅቆናል።

ወንድሜ ሆይ! ከፊትህ የተቀመጠው ሰው የልጆቹን ቀለብ አስይዞ ይሆናልና ካርዱን ሳታነሣ ተመለስ። አላህ በሐላል ሲሳይ ያብቃቃን። አሚን።